ዘጠና ስድስት ነጥብ አራት

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ጎበዝ ይሆናል፤ አንዴ ጥር ላይ፣ አንዴ ሐምሌ ላይ። በቀሩት ወራት «ኧረ እዚህ ቢሮ ሥራ የሚሠራ ሰው ጠፋ!» ሲባልበት የከረመው ክፍል፣ የምዘና ሰሞን ሲደርስ በአንድ ጊዜ ጀግና በጀግና ይሆናል።

ያን ሰሞን በአዳማ መሥሪያ ቤቶች ኮሪደር «እንዴት አደርክ?» ይቀርና ሰላምታው «ቢኤስሲ ሞላህ?» ነው። ቢኤስሲ የሚባለው የሥራ ምዘና ቅጽ ተባዝቶ ይታደላል፤ ሠራተኛው የራሱን ነጥብ በእርሳስ ይሞላል፣ የቅርብ ኃላፊው በእስክሪብቶ ያጸድቅለታል፣ የሰው ሀብት ክፍል ሰብስቦ ፋይል ውስጥ ያሳርፈዋል። ሲደመር ታዲያ ከጥበቃው እስከ ቡድን መሪው ከ90 በታች የወረደ አይገኝም። 91 የተሰጠው ሰው ፊቱ ጠቁሮ «ምን በደልኩዎት?» እያለ ኃላፊው በር ላይ ይቆማል። «መካከለኛ» የሚለው ሣጥን ቅጹ ላይ የታተመው ለጌጥ ነው፤ የገባበት ሰው አልተሰማም። ነጥቡ ደግሞ ሁልጊዜ ሽራፊ አለው፦ 94.7፣ 96.4፣ 97.15። ሽራፊዋን መናቅ አይገባም። ድፍን 96 ቢባል ከአፍ የወጣ ግምት ይመስላል፤ ነጥብ አራት ስትታከልበት ግን አንድ ሰው መነጽሩን ሰክቶ፣ ካልኩሌተር ይዞ፣ ሌሊቱን ሲያሰላ ያደረ ይመስላል።

በዚያው ሰሞን ጠዋት ጠዋት ከመስኮቱ ውጭ ከወለንጪቲና ከሞጆ የመጣ ባለጉዳይ ተሰልፏል። የአዳማ ፀሐይ ሦስት ሰዓት ላይ ሥራዋን ትጀምራለች፤ እሷ አርፍዳ አታውቅም። አንድ ሽማግሌ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ያቺን ፊርማ እንኳ...» ይላሉ።

«አባባ፣ ዛሬ አይቻልም። ምዘና ላይ ነን።»

«የምን ምዘና?»

«የተገልጋይ እርካታ።»

የዚህ ቅጽ ቅድመ አያት እንኳ ንጹሕ ሐሳብ ነበረው። ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1992 ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ነገራቸው ቀላል ነው፤ የኩባንያ አለቆች ትርፍና ኪሣራን ብቻ እያዩ ይነዳሉ፣ ስለዚህ ከገንዘቡ ጋር ደንበኛውንም፣ የውስጥ አሠራሩንም፣ መማርና ማደጉንም አብረው ይዩ አሉ። አራት ዕይታዎች። ጽሑፉ የኩባንያ መሪዎች ድርጅታቸውን የሚያዩበት መላ እንጂ ስለ መዝገብ ቤት ሠራተኛ የተጻፈ አልነበረም። እኛ ዘንድ ግን ቢፒአር የሚባለውን የአሠራር ለውጥ ተከትሎ መጣና ከሚኒስቴር ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ቡድን፣ ከቡድን ወደ ግለሰብ እየተሸነሸነ ወርዶ ሻይ ከሚያፈሉት እናት ዘንድ ደረሰ።

«እትዬ፣ በመማማርና ዕድገት ዕይታ ሥር ዘንድሮ ምን አዲስ ነገር ተማሩ ብለን እንሙላ?» ይላቸዋል ቡድን መሪው።

«ስኳር ሲወደድ ሰው ሁሉ ቡና በጨው እንደሚወድ።»

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ይህን መማር ያሳዝናል፤ ቢሆንም ከአሥር አሥር ተሰጣቸው። በኔ ግምት በዚያ ዓመት በዚያ መሥሪያ ቤት በትክክል የተሰጠች ነጥብ እሷ ብቻ ናት።

ሰው ሁሉ ለምን 96 ያገኛል? ኃላፊዎች ፈሪ ስለሆኑ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም፤ ሒሳብ ነው። አንድ ኃላፊ ለሠራተኛው 96 ቢሰጥ «ለምን ሰጠህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ፈርሞ ምሳውን ይበላል። 68 ቢሰጥ ግን ማስረጃ አምጣ ይባላል፣ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ፊት ይቆማል፣ «መቼ መክረኸው ነበር? በምን ደብዳቤ?» ይባላል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ሠራተኛውም አይፈረድበትም፤ ነጥቡ ከደረጃ ዕድገቱና ከትምህርት ዕድሉ ጋር ታስሯል፣ ልጆች አሉት። እንግዲህ 96 በነጻ ይገኛል፣ 68 ያስከፍላል። በነጻ የሚሰጠውን ትቶ የሚያስከፍለውን የሚመርጥ ነጋዴ አዳማ ገበያ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም፤ ከኃላፊው ብቻ ለምን እንጠብቃለን? አንድ አዋቂ መመሪያ ጸሐፊ ቢኖር ኖሮ ነገሩን ይገለብጠው ነበር፤ 96 የሰጠም ማስረጃ ያምጣ ብሎ።

ከሒሳቡ በላይ ደግሞ ዕድር አለ። አዳማ ከተማዋ ሰፊ፣ ዕድሯ ጠባብ ናት። መዛኝና ተመዛኝ አንድ ሰፈር ይኖራሉ፣ የአንዱ ሚስት ለሌላው ልጅ ክርስትና እናት ናት፣ ወይ ደግሞ ዓርብ ዓርብ አንድ መስጊድ ጎን ለጎን ይሰግዳሉ። ዛሬ 68 የሰጠኸው ሰው ነገ ድንኳን ተካይህ ነው። ካስማውን በምን ዓይነት ስሜት እንደሚመታው ማሰብ ነው።

ይህ ማለት ግን እውነተኛ ምዘና የለም ማለት አይደለም። አለ፤ በጣም ጥብቅ፣ በጣም ትክክል፣ ሽራፊ የማያውቅ ምዘና። የሚካሄደው ምሳ ሰዓት ላይና ማታ ድራፍት ፊት ነው። ቅጹ ላይ 96.4 የተባለው ሰውዬ እዚያ በሁለት ቃል ይወድቃል፦ «እሱማ ተወው!» ማን ፋይል እንደሚደብቅ፣ ማን የሌላውን ሥራ እንደሚሸፍን፣ ማን ስብሰባ ላይ ብቻ እንደሚነቃ፣ ሁሉም በዝርዝር ይታወቃል። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ተመዛኙ እዚያ የለም። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እሱ ሳይሰማ 60 ዓመቱ ይሞላል፣ ጡረታ ይወጣል፣ «አርአያችን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ኬክ ይቆርሳል።

«ፊት ለፊት መነጋገሩንማ ሞክረነዋል» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው። በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነገር ከማርክሳዊ መጻሕፍት ጋር ገባ፤ ደርግ እስከ ቀበሌ አወረደው፤ ኢሕአዴግ ደግሞ በ1983 ዓ.ም. ግምገማን ከበረሃ ይዞ መጣና በየመሥሪያ ቤቱ ተከለው። ኃላፊ ከበታቾቹ ፊት ቁጭ ብሎ ጉድለቱን ይሰማል። ወረቀት ላይ ሲታይ ከቢኤስሲ የተሻለ ነው፣ ይህን ማለት አላፍርም። የተበላሸው የሚመዘነው ሥራው መሆኑ ቀርቶ ሰውየው ሲሆን ነው። «ደብዳቤው ለምን ሦስት ሳምንት ቆየ?» የሚለው ጥያቄ ቀርቶ «አመለካከትህ ምንድን ነው?» ከመጣ፣ ሰው ደብዳቤውን ማፋጠን ይተውና አመለካከቱን መሸፈኛ ይፈልጋል።

ሕዝባችን ደግሞ መላ አያጣም። ግለ ሂስን ወደ ጥበብ ለወጠው። ጥበቡ ትልቁን ኃጢአት የሚከልል ትንሽ ኃጢአት ማዘጋጀት ነው። «ጓዶች፣ ያለብኝ ድክመት ሥራ ስጀምር ምሳ መብላት እረሳለሁ።» «እኔ ደግሞ ሰው ሲያጠፋ ቶሎ ይቅር እላለሁ፤ ይህ መታረም አለበት።» አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ ያሉ ድክመቶች በተጠንቀቅ ነበሩት፤ በየስድስት ወሩ አንዱን አውጥቶ ይናዘዛል፣ መድረኩም «በግልጽነቱ ይመሰገናል» ብሎ ይመዘግብለታል። መድረኩ ላይ ያልተነሣው ነገር ቢኖር የመሥሪያ ቤቱ መኪና ቅዳሜ ቅዳሜ ሶደሬ ምን እንደምትሠራ ነው።

«እንግዲያው ሰውን ትተን ቁጥር እንቁጠር» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ ሰዎች ከአዳማ ወረድ ብሎ ወንጂን ማየት ይጠቅማል። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ፋብሪካውን አቁሞ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ሜዳ የሥራ ውጤት መለካት የዕለት እንጀራ ነው። አገዳ ቆራጭ በቆረጠው ልክ ይከፈለዋል፤ እዚህ ይሉኝታ የለም፣ 96.4 የለም። ግን አገዳ ስኳሩ ወደ ሥሩ ነው የሚበዛው። አፈሩን አስጠግቶ ለመቁረጥ ወገብ መታጠፍ አለበት፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ የተቃጠለ ቅጠል ጥላሸት መሐል። ከፍ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው ቀና እንዳለ ይሮጣል፤ ቁጥሩ ይሞላለታል፣ ጣፋጩ ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ካቦው ክምሩን ብቻ አያይም፤ ከቆራጩ ኋላ እየተራመደ ጉቶ ያያል።

የኛ ቢሮ የጎደለው ይሄው ጉቶ የሚያይ ሰው ነው። «በስድስት ወር 120 ደብዳቤ ጻፈ፣ አፈጻጸም 104 ከመቶ» ተብሎ ይመዘገባል። (ከመቶ 104 እንዴት እንደሚገኝ አልጠይቅም፤ እኛ ዘንድ ተገኝቷል።) ከ120ው ደብዳቤ ስንቱ «በቁጥር እንዲህ የተጻፈልንን ይመለከታል» ብሎ ባለጉዳዩን ወደመጣበት እንደመለሰው ግን ማንም አልቆጠረም። ባቱ ላይ ጽጌረዳ የሚቆርጡ ልጆችም በዘንግ ይቆጠርላቸዋል፤ ያም ሆኖ የተቀጠፈ ቅጠል ያለው ዘንግ ሆላንድ ድረስ በአውሮፕላን ሄዶ መጋለጡ አይቀርም። የኛ ደብዳቤ የትም አይሄድም።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ይህን ነገር በቀላሉ አልተወጡትም። ጃክ ዌልች የጄኔራል ኤሌክትሪክ አለቃ ሳሉ ሠራተኛውን በየዓመቱ ከሦስት ከፈሉት፤ 20 ከመቶው ከላይ፣ 70ው መሐል፣ የታችኛው 10 ከመቶ ወደ በሩ። እስቲ ይህን አሥር ሰው ባለበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት አስቡት። በየዓመቱ አንድ ሰው ይወጣል፤ ዘጠኙ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከሥራ ይልቅ አሥረኛውን ሲመርጡ ይከርማሉ። ማይክሮሶፍትም የዚህ ዘመድ የሆነ አሠራር ነበረው፤ ሰዎች ጎበዝ ባልደረባ አጠገብ መመደብን እየፈሩ ሲያስቸግሩ እ.ኤ.አ. በ2013 ጣለው። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ጃፓኖችን ጥራት ያስተማሩት አሜሪካዊ ኤድዋርድስ ዴሚንግ ናቸው። ዓመታዊ የሠራተኛ ነጥብ አሰጣጥን ከአስተዳደር ገዳይ በሽታዎች አንዱ ብለው ፈርጀውታል፤ ምክንያታቸውም የሥራ ውጤት አብዛኛው ከሰውየው ሳይሆን ሰውየው ከሚሠራበት ሲስተም የሚመጣ ነው የሚል ነው። ይህን ሳነብ የመስኮቱ ልጅ ትዝ አለኝ። እሱኮ ስንት ዘመኑ፣ በየቀኑ፣ ለተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ ሲያስተምር ነበር፦ «ሲስተም የለም!»

የማያፍር ቁጥር ማየት ከፈለጋችሁ፣ ከአዲስ አበባ ስትመጡ አዳማን ሳትይዙ ኮረብታው ላይ የሚታዩትን የነፋስ ተርባይኖች ልብ በሉ። የመጀመሪያው ጣቢያ 34፣ ሁለተኛው 102 ተርባይን ነው፤ አቅማቸው በቅደም ተከተል 51 እና 153 ሜጋ ዋት ይባላል። ይህ ታዲያ ነፋሱ ሙሉ ሲሆን ነው። የዓመቱ ምርት ሲሰላ ከሙሉ አቅሙ ሲሦ አካባቢ ቢገኝ መሐንዲሶቹ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ሲሦውንም ሳያፍሩ ይጽፉታል። የቆመችም ከመንገድ ላይ ትታያለች፤ ለምን ቆመች ይባላል፣ ባለሙያ ይወጣል፣ ይጠግናታል። እስካሁን አንዷም ተርባይን ቅሬታ አላቀረበችም። እኛ ግን 35 ከመቶ ብለን የምንጽፍበት ቅጽም ሆነ የምንጽፍበት ልብ የለንም፤ ስለዚህ የቆመውን ሁሉ 96.4 እንለውና ይቆማል።

ያ ልብ ያላቸው ግን አንዲት ሴትዮ አውቃለሁ፤ በከተማችን አንድ ፋብሪካ የማሸጊያ ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ሠራተኞቹ «አዴ» ነው የሚሏቸው። የአስተዳደር ኮርስ አልወሰዱም፣ ካፕላንንም ኖርተንንም አያውቁም። የነበራቸው ለልጆቻቸው ከገዙት ደርዘን ላይ የተረፈ አንድ ደብተር ነው። ነገር ሲፈጠር በዕለቱ ይጽፋሉ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እንደሆነ፣ በቃ። «ሰነፍ ናት» ብለው አይጽፉም፤ «ማክሰኞ ሦስተኛው መስመር ላይ 14 ካርቶን ሳይታሸግ አለፈ» ብለው ነው። መልካሙንም እንዲሁ፤ «ሐሙስ እሷ ባትኖር ማሽኑ ይቃጠል ነበር።» ከዚያ ሳምንቱ ሳያልቅ ልጅቷን የውኃው በርሜል አጠገብ ያገኟታል። ቢሮ አይጠሩም፤ ቢሮ የተጠራ ሰው እግሩ ሳይደርስ ጆሮው ይዘጋል።

«ማክሰኞ ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«ቴፑ አለቀብን አዴ።»

«ለምን አልጠየቅሽም?»

ዝም።

«ተናገሪ እንጂ፣ እኔ ምን አጎደልኩ?»

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች ትቆያለች። «የመጋዘኑ ቁልፍ... እርስዎ ጋ ቤት ያድራል። የማታ ፈረቃ ስንሆን የሚከፍትልን የለም።»

አዴ ተቆጡ፤ ሰው ናቸውና። ደብተሩን አውጥተው ግን እሱንም ጻፉት፣ የራሳቸውን ስም ከቀኑ ጋር። ቁልፉ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጥበቃው ዘንድ ማደር ጀመረ። ስድስት ወር ሲሞላ ተቀምጦ ቅጽ መሙላት እዚያ ክፍል የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር፤ የሚያስደነግጥ ነገር የለማ፣ ሁሉም ቀድሞ ተሰምቷል። ነጥቦቻቸው ግን ከሌላው ክፍል ያንሱ ነበር፤ 74፣ 81፣ 88። ዋናው መሥሪያ ቤት «የእርስዎ ክፍል ለምን ዝቅተኛ ሆነ?» ብሎ ማብራሪያ ጠየቃቸው። በክፍላቸው ግን ካርቶን ሳይታሸግ አያልፍም ነበር።

ሕጉንም ከሥራ አስኪያጁ የተሻለ ያውቁ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሌሎቹ አለቆች «እስቲ እናያለን» እያሉ ቆይተው አዲሱ ልጅ እንደማይሆን የሚገባቸው 61ኛው ቀን ላይ ነው። አዴ 20ኛውንና 40ኛውን ቀን በቀይ ያከብባሉ። ደግሞ ያው አዋጅ፣ በኅብረት ስምምነት ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ ሠራተኛ ሥራውን የመሥራት ችሎታው መቀነሱ በየጊዜው በሚደረግ ምዘና መረጋገጥ አለበት ይላል። እንግዲህ አንድን ሰው አሥር ዓመት 96.4 ስትሰጠው ኖረህ አንድ ቀን «ሥራውን አልቻለም» ብለህ ብታሰናብተው ዳኛው የሚጠይቁህ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህ ፊርማ የማን ነው?»

አሁን ስለ እንግዶቻችን። አዳማ የኢትዮጵያ የግምገማ ማዕከል ናት፤ ይህን ማዕረግ ማንም በአዋጅ አልሰጣትም፣ በአበል ነው ያገኘችው። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው እንዳይደክምበት ቅርብ፣ የውሎ አበል እንዳይቀርበት ሩቅ። መንገዱ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህማ ቡና ሳይበርድ ይደረሳል። የሆቴል አዳራሾች በር ላይ «የግማሽ ዓመት ዕቅድ አፈጻጸም ግምገማ» የሚል ሸራ ሲወጠር፣ የባጃጅ ሾፌሮች ጥር መጋመሱን ያውቃሉ። አንገት ላይ የተንጠለጠለ ባጅ ሲያዩ ብዙ አይጠይቁም። «ፋዘር፣ ግምገማ ነው አይደል? ገልማ ነው ሆቴል?»

መልሱ ገልማ አባ ገዳ የተባለው አዳራሽ ከሆነ ነገሩ ይበልጥ ያስቃል። አዳራሹ ስሙን ያገኘበት የገዳ ሥርዓት ሥልጣን ስምንት ዓመት ብቻ የሚሰጥ ነው። ቦረናዎች ዘንድ ደግሞ በስምንቱ ዓመት አጋማሽ ጉሚ ጋዮ የሚባል ታላቅ ጉባኤ ይቀመጣል፤ ሕግ ያወጣል፣ መሪዎቹንም ይመረምራል። ሥራውን በወጉ ያልሠራ አባ ገዳ ጊዜው ሳይሞላ ከሥልጣን ሊነሣ ይችላል፤ ቡቂሱ ይሉታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ገዳን በማይዳሰስ የባህል ቅርስነት ሲመዘግብ ይህን የመሰለ ሀብት መዘገበ ማለት ነው። በስሙ በተሠራው አዳራሽ ውስጥ ግን መሪ ሲመዘን እኔ አላየሁም፤ መሪው መድረክ ላይ ነው፣ የሚመዘነው ዕቅዱ ነው፣ ዕቅዱም አልፏል።

በግምገማው ሦስተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሻይ ከተጠጣ በኋላ፣ የመጨረሻው ቅጽ ይታደላል፤ የግምገማው መድረክ ራሱ የሚገመገምበት። አንድ የሆቴል አስተናጋጅ ወዳጄ ሰው ከወጣ በኋላ ጠረጴዛ ሲያነሣ ያነባቸዋል። የአዳራሹ ምቾት፦ እጅግ በጣም ጥሩ። የሰነዱ ጥራት፦ እጅግ በጣም ጥሩ። (ሰነዶቹ ሳይገለጡ ወንበር ላይ ቀርተዋል።) የአወያዩ ብቃት፦ እጅግ በጣም ጥሩ። «ወደፊት ቢሻሻል የሚሉት ካለ» በሚለው ክፍት ቦታ ላይ ግን ሰው ሁሉ፣ ዳር እስከ ዳር፣ ሳይፈራና ሳያፍር የልቡን ይጽፋል፤ ቀኑ አጥሯል፣ ወደ አምስት ቢያድግ።